የእንጦጦ ዛፍና ጠባቂዎቹ

የመናፈሻ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ነው። በዚህ ልማድ ከተሄደ የእንጦጦ ፓርክ ታሪክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ይጀምራል። ዳሩ ግን ጎብኚው ዛሬ የሚያርፍበት ጥላ ከመቶ ዓመት የበለጠ ታሪክ አለው። ዛፉን ማን ተከለው፣ ማን ቆረጠው፣ ማንስ በጀርባው ተሸከመው? የተራራው ታሪክ የሚገኘው ከነዚህ ጥያቄዎች ሥር ነው።

ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ በ1882 ዓ.ም. በዚያው በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ቤተ መንግሥቱ፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም የሚጠይቁት እንጨት የተራራውን ጥድና ወይራ ጥቂት በጥቂት አመነመነው። በዚያ ዘመን እንጨት ያለቀበት ከተማ ይነሣ ነበር። አዲስ አበባም ልትነሣ ጥቂት ቀርቷት፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መቆርቆር ተጀምሮ ነበር።

ከተማይቱን ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። በ1880ዎቹ ማብቂያ ችግኙን ያስገባው ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለው ፈረንሳዊ አማካሪ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም። ስለዚህ አጥር አይሻም፣ እረኛም አይፈራም። ጥድና ኮሶ ግን ቀስ ብለው የሚያድጉ በመሆናቸው ለጋነታቸውን ከፍየል ጥርስ የሚከላከልላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ በመደረጉም፣ ሰፊ መሬት የያዘው ባላባት ብዙ ሳይደክም ከከተማው ማገዶ የሚተርፍ ገንዘብ አገኘ።

ይሁን እንጂ ዛፉ ውኃ ያደርቃል የሚል ስሞታ ብዙም አልዘገየም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከሦስት ዛፍ ሁለቱ ተነቅሎ በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጣ። አዋጁን የፈጸመ እምብዛም አልነበረም፤ ምድጃ በአዋጅ አይነድምና!

ምድጃውን በማንደድ ረገድ ከሁሉ የበለጠውን ሸክም የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ወገባቸውን ባጎበጠ ሸክም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት እናቶች ለአያሌ ዓመታት የከተማይቱን ምጣድ አስምተዋል። መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሲሆን ባላባቱ ከጫካው ወጣ፤ የደን ዘበኛና የእንጨት ተሸካሚ መፋጠጥ ግን አልቀረም። ዘበኛው የተቀጠረው ዛፉን እንዲጠብቅ ነው። እርሷ ደግሞ ልጆቿ ጦማቸውን እንዳያድሩ ትሠራለች። ሁለቱም ድሆች ነበሩ።

ባሕር ዛፉ እርጥበቱን ስለሚሻማና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደ ልብ ስለማያበቅል፣ ቅጠሉም ለማገዶ ስለሚጠረግ፣ ቁልቁለቱ አፈሩን የሚይዝለት ልባስ አጣ። ክረምት የዘነበው ውኃ አፈሩን ይዞ እንደ ቀበና ባሉት ወንዞች ወደ ከተማው ይወርዳል። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ከተራራው አንዱን ክፍል ተረክቦ ባሕር ዛፉን በጥድ፣ በወይራና በኮሶ ለመተካት መነሣቱ ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ሥራ ፎቶግራፍ አያምርበትም፤ የ2013ቱ ፓርክ የእግርና የብስክሌት መንገዶች ግን ያምርባቸዋል።

መንገድ አንዴ ይሠራል። የባሕር ዛፍ ጉቶ ግን በተቆረጠ ቁጥር ያቆጠቁጣል፤ እምቡጡ በጊዜው ካልተለቀመ ከአጠገቡ ያለውን የጥድ ችግኝ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ጥሎት ያልፋል። በበጋ ውኃ ማጠጣት፣ ደረቁ ቅጠል እሳት እንዳያዛምት መስመር መጥረግ፣ ፍየል መመለስ፣ ይህ ሁሉ ዓመት ሙሉ የሚከፈለው ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሰው ሲታሰብ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ መጀመር ተገቢ ነው፤ የትኛው ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ጎርፉም በየት በኩል እንደሚወርድ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።