ከጎራዴው እስከ ሰንጢው፦ በእንጦጦ ግርጌ የስለት ታሪክ

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲደፉ፣ ሥልጣን በዐይን ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ጎራዴ ነበር። የአገራችን ሹም ጎራዴውን ይታጠቅ የነበረው በቀኝ ጎኑ ነው፤ ግራ እጁ ጋሻ ይይዝ ነበርና። ይህን ልማድ የውጭ ተጓዦች ሳይቀሩ በመገረም መዝግበውታል። የዚያን ዘመን ስለት ታሪክ የምንጽፈው ግን በጎራዴ ብቻ ከሆነ፣ ታሪኩ የባለጸጋው ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ ጎራዴውን ቀረብ ብለን እንየው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ የጎራዴ ብረቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በጀርመን ዞሊንገንና ዛሬ በፈረንሳይ ባለው ክሊንገንታል ነው። በአንዳንዶቹ ስለት ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የአማርኛ ጽሕፈት ተቀርጾ ይታያል፤ ፋብሪካዎቹ ገበያቸውን ያውቁ ነበር። እጀታው ግን እዚሁ አገር ከአውራሪስ ቀንድ ተሞርዶ ይገጠም ነበር፤ አፎቱም በቆዳ ይለበጥ ነበር። የፋብሪካው ማኅተም በብረቱ ላይ ሲገኝ፣ ቀንዱን የሞረደውና ቆዳውን የሰፋው ባለ እጅ ስም የትም አልተጻፈም።

ዞሊንገን የታጣፊ ቢላም ከተማ ናት። የስዊስ ጦር በ1890 እ.ኤ.አ. ለወታደሮቹ ታጣፊ ቢላ እንዲታደል ሲወስን፣ የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት በዞሊንገን ነበር። በዚያው ዘመን የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በምኒልክ ዘንድ ያገለግል ነበር። በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ደርሶ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። የሰበሰባቸው ዕቃዎችና ያነሳቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቦች ባህል ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀው ዐውደ ርእይ ሕዝብ ያያቸው በቤተ መንግሥት ክብርና ድምቀት መልክ ነው። የሰብሳቢ ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነው።

ታጣፊው ቢላ፣ ሰንጢ፣ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አይደለም። ስለቱ በአንዲት ችንካር ላይ ይዞራል፤ ሲታጠፍ በእጀታው ጎድጓዳ ውስጥ ይተኛል፤ አፎት አያሻውም፣ ኪስ ይበቃዋል። ጥቅሙ ግን ከጎራዴው አያንስም። የብራና ጸሐፊ መቃውን የሚቀርጸው፣ ጫፉን የሚሰነጥቀው፣ ሲሳሳትም ፊደሉን ከብራናው ፍቆ የሚያነሳው በትንሽ ስለት ነው። በእንጦጦ ማርያምም ሆነ በእንጦጦ ራጉኤል መቅደስ የሚነበብ እያንዳንዱ የብራና መጽሐፍ እንዲህ ያለ ስለት አልፎበታል። መጽሐፉ በክብር ተቀምጧል፤ ስለቱ ግን እስኪያልቅ ተስሎ ተጥሏል።

ከስለቱ ጀርባ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያም የባሰ ደርሶበታል። ወናፍ እየነፋ፣ ፍሙን ብረት በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ የሚቀጠቅጠው ሰው ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ቢላውንም ለሁሉም ያቀርብ ነበር፤ ምላሹ ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» የሚል ስድብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ይመሰክራል። ከእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔ የሰፈሩት ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ብረት ሠሪዎች ያንን ሸክም ከአዋጁ በኋላም ተሸክመውታል። ከእንጦጦ ወደ ምሥራቅ በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ዘመኑ ትውፊትና ጥናት ባይስማሙም አንድ ነገር በግልጽ ይናገራል፦ ያለ ብረት መሣሪያ፣ ብረቱም ያለ ቀጥቃጭ፣ እንዲህ ያለ ሕንጻ አይታነጽም።

የቅርስ ስብስቦች ታሪክም ይህንኑ ለሚያብረቀርቀው የማዳላት መዛነፍ ያሳያል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ ዘውድ፣ ጽዋና የብራና መጽሐፍ ነበረበት። ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ተልእኮ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ለወራት ሲቀመጥ ግን ተራ የኑሮ ዕቃንም በካርድ እየመዘገበ ሰብስቧል፤ ዕቃዎቹ ያለ ባለቤታቸው ፈቃድ የተወሰዱበት ጊዜ እንደነበረ ከጉዞው አባላት አንዱ ሚሼል ሌሪስ ራሱ ጽፏል። ከእንጦጦ ግርጌ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም፣ ሙዚየሙ የገበሬውንና የባለ እጁን ዕቃ በአገሩ ምድር የሚያሳይ ቤት ሆነ።

ዛሬ ሰንጢና አሮጌ ቢላ የሚሰበስብ ሰው ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። መጀመሪያው ሕጉ ነው፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል የተያዘ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ሁለተኛው የመዝገብ ግዴታ ነው። ከመኪና ባለስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ የመርካቶ ቢላ ከነ ሠሪው ስም፣ ከነ ቦታውና ከነ ዓመቱ ከተጻፈ፣ ታሪኩ ከጠፋ ያማረ ጎራዴ ይልቅ ለነገው ተመራማሪ ይጠቅመዋል። ሠሪው በሕይወት አለና ዛሬ መጠየቅ ይቻላል። ለእንጦጦ ዘመን ባለ እጆች ያልተደረገላቸውን ለዛሬዎቹ ማድረግ የሰብሳቢው ድርሻ ነው፤ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ስሙን ይጠይቅ፣ ይጻፍም።