ፊሺንግ ወይም ማሥገር

ሰውን በስልክና በኢንተርኔት አታሎ ምስጢሩን የመውሰድን ተንኰል ፈረንጆች «ፊሺንግ» ብለው ሰይመውታል፤ ይህም ስም ሳይተረጐም ወደ ባንክ ቤትና ወደ ጋዜጣ አማርኛ መግባት ስለ ጀመረ፣ ፍቺውንና የሚስማማውን የአማርኛ ስም መመርመር ይገባል።

ቃሉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ተንኰለኞች አሜሪካ ኦንላይን የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ለሚጠቀሙ ሰዎች የድርጅቱን ሠራተኞች መስለው እየጻፉ፣ ሒሳባችሁን ልናረጋግጥ ነውና የይለፍ ቃላችሁን ላኩልን ይሏቸው ነበር፤ ይህንንም ሥራቸውን ዓሣ ከመያዝ ጋራ አመሳስለው ስም አወጡለት። አጻጻፉ በኤፍ ፈንታ በፒ እና በኤች የሆነው፣ ቀደም ሲል የስልክን መሥመር በብልሃት እየጠለፉ ያለ ክፍያ ይነጋገሩ የነበሩት «ፍሪክ» የተባሉት ሰዎች ስማቸውን በዚሁ ፊደል ይጽፉ ስለ ነበር ነው ይባላል።

በአማርኛ «ማጥመድ» ብንለው አያሳፍርም፤ ነገር ግን ይህ ግስ በሬንም፣ ፈንጂንም፣ ቂምንም የተሸከመ ስለ ሆነ፣ «ማሥገር» የሚለው ይሻላል። ግእዙ «ሠገረ» አጠመደ፣ ያዘ ማለት ነው፤ «መሥገርት» ወጥመድ ሲሆን፣ «መሠግራን» ደግሞ ጴጥሮስና እንድርያስ ለሐዋርያነት ከመጠራታቸው በፊት የነበሩበት የሙያ ስም ነው። ከሥርወ ቃሉም በላይ ስሙን ከነገሩ ጠባይ ጋራ የሚያስማማው፣ ሌባ ደጅ ሰብሮ ሲገባ፣ አሥጋሪ ግን የሚያዘው ራሱ ወደ መንጠቆው እስኪቀርብ ድረስ መታገሡ ነው። ነገሩን በሕግ ዐይን ብናየው ደግሞ፣ የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሌላውን ሰው ኤሌክትሮኒክ ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ደንግጓል፤ ማሥገር እንግዲህ ስርቆቱ ከሚፈጸምባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

በአገራችን፣ ይልቁንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ገንዘብ በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህ፣ ማሥገር የሚበዛው በቃል ንግግር ነው። ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ ወይም ገንዘብ በስሕተት ገብቶልዎታል ብሎ ይጀምርና፣ አሁን በአጭር መልእክት የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩኝ ሲል ይፈጽማል። የዚህ ቍጥር ምስጢር ሊታወቅ ይገባል፦ ደዋዩ በባለቤቱ ስም ወደ ሒሳቡ ለመግባት ሲሞክር፣ የባንኩ ማሽን የገባው እውነተኛው ባለቤት መሆኑን ለማረጋገጥ ቍጥሩን የሚልከው ወደ ባለቤቱ ስልክ ነውና፣ ቍጥሩን መናገር በባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ እንደ መስጠት ይቈጠራል። በቴሌግራምም የሚሆነው ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ የገባው አሥጋሪ በተያዘው ሰው ስም ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ፣ ቸግሮኛልና ብር ላኩልኝ እያለ ይጽፋል፤ አንዱ የተሠገረ ሰውም ሳያውቀው ለሌሎች ማሥገሪያ ይሆናል።

በድረ ገጽ የሚመጣው ደግሞ አድራሻን አስመስሎ ይሠራል። አሥጋሪው የባንኩን ስም ከፊት አስቀድሞ የራሱን በስተኋላ ይሸሽጋል፤ የገጹን እውነተኛ ባለቤት የሚገልጸው ግን ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት፣ መጨረሻ ላይ ከነ«ዶት ኮም»ነቱ የተጻፈው ስም ነው። አንዳንዴም በላቲኑ ኦ ፈንታ ዜሮን ተክቶ ዐይንን ያስታል።

ከዚህ ሁሉ የሚጠብቀው ሥርዐት ረዥም አይደለም። የምስጢር ቍጥር የሚጠይቅ ሰው፣ ስማችንንና የአባታችንን ስም አስተካክሎ ቢጠራም እንኳ፣ ጥሪውን ዘግቶ ባንኩ በይፋ ወደሚታወቅበት ቍጥር በራስ እጅ መደወል፤ በቴሌግራምም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን መክፈት ይገባል። የተሠገረ ሰው ግን፣ አሥጋሪዎች ከሚያተርፉባቸው ነገሮች አንዱ የተታለለው ሰው ኀፍረት ስለ ሆነ፣ ዝም ብሎ ከመቈጨት ይልቅ ወዲያውኑ ለባንኩ አስታውቆ ሒሳቡን ያሳግድ፤ ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ ይተላለፋልና።