የእግር ኳስ አንጋፋዎች ወደ አሜሪካ ስለ መሻገራቸው



አንድ ሰው ዕድሜውን በአንድ ሙያ ካገለገለ በኋላ ጉልበቱ ሲደክም ወዴት ይሄዳል? ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የዚህ ጥያቄ መልስ በሕግ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ በየወሩ ከደመወዛችን የምትቀነሰውም የጡረታ ገንዘብ ብንረሳው እንኳ ታስታውሰናለች። በእግር ኳስ የሚተዳደር ሰው ግን ጉልበቱ የሚደክመው ገና በሠላሳ ሦስትና በሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። እኛ በዚያ ዕድሜ የክፍል ሹም ለመሆን ተስፋ ስናደርግ፣ እርሱ አርጅቷል ይባላል። ዛሬ ልናወጋችሁ የተነሣነው በኤውሮፓ ስማቸው የገነነ ተጫዋቾች በዚህ በእርጅናቸው ሰዓት ውቅያኖስ ተሻግረው ወደ ሰሜን አሜሪካ ክለቦች ስለ መሄዳቸው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሰሜን አሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ በተባለው ማኅበር ላይ በኤውሮፓ ብዙዎች ይዘብቱበት ነበር፤ «የዝሆኖች መቃብር» የሚል ስምም አውጥተውለት ነበር። ዝሆን የሞቱ ቀን ሲቃረብ ከመንጋው ተለይቶ አባቶቹ ወደ ወደቁበት ስፍራ ይሄዳል የሚለውን ተረት ይዘው ነው። ስሙ ለጆሮ ይጥማል። ይሁን እንጂ ነገሩን ከሥሩ የመረመረ ሰው፣ የሄዱት ሁሉ ሙታን እንዳልነበሩ፣ የሄዱበትም ምክንያት የገንዘብ ስስት ብቻ እንዳልነበረ ይረዳል።

ምክንያቱን ለማወቅ ወደ እንግሊዝ አገር መመለስ ያስፈልጋል። እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገር የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ20 ፓውንድ እንዳይበልጥ የሊጉ ደንብ ያዝ ነበር። ሜዳው በተመልካች ቢጥለቀለቅ፣ የመግቢያው ገንዘብ በከረጢት ቢጫን፣ ለተጫዋቹ ያው 20 ፓውንድ ነው። ከዚህም የከፋው የውሉ ነገር ነበር፤ የተጫዋቹ ውል ቢያልቅ እንኳ ክለቡ «ሂድ» ካላለው በቀር ለሌላ ክለብ መጫወት አይፈቀድለትም። ይህ ከጭሰኛ ኑሮ በምን ይለያል? የተጫዋቾቹ ማኅበር በሊቀ መንበሩ በጂሚ ሂል መሪነት ሥራ እናቆማለን ብሎ ስለ ተነሣ በ1961 የደመወዙ ወሰን ተሻረ፤ በዚያው ዓመት የፉልሃሙ ጆኒ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ ለማግኘት የመጀመሪያው ሆነ። በ1963ም ጆርጅ ኢስታም የተባለው ተጫዋች ክለቡን ከስሶ ስለ ረታ የውሉ ቀንበር ላላ።

እንግዲህ ቦቢ ሙርና ጐርደን ባንክስ፣ ሁለቱም ለክለቦቻቸው ዋና ቡድን መሰለፍ የጀመሩት በ1958፣ ማለትም በዚያ በ20 ፓውንድ ዘመን ነው። በ1966 እንግሊዝ የዓለምን ዋንጫ ስትወስድ ሙር አምበል፣ ባንክስ በረኛ ነበሩ። ለዚህም ድል ለእያንዳንዱ ተጫዋች የደረሰው ሽልማት 1,000 ፓውንድ ነው። በመላው ዓለም የታወቀ ስም አላቸው፤ ስም ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

ባንክስ በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ የብራዚሉ ፔሌ በቴስታ የመታትን ኳስ ከመሬት ላይ አፈፍ አድርጎ በአግዳሚው በላይ ያወጣት ሰው ነው፤ ያን ማዳን ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወሩታል። በጥቅምት 1972 ግን የመኪና አደጋ ደረሰበትና የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። አንባቢ ሆይ፤ አንድ ዓይንዎን በእጅዎ ሸፍነው፣ ሌላ ሰው የሚወረውርልዎትን ቍልፍ ለመያዝ ይሞክሩ፤ የበረኛው መከራ ያን ጊዜ ይገባዎታል። የሚመጣ ነገር ምን ያህል እንደ ቀረበ አጣርቶ ለማወቅ ሁለት ዓይን ይረዳልና። በአገሩ ጨዋታው አከተመ፤ ከስቶክ ክለብም ተሰናበተ። ነገር ግን በ1977፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የፎርት ላውደርዴል ክለብ ወደ ፍሎሪዳ ወሰደው። የወሰዱት ለስሙ ይሁን ለእጁ እርግጡን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ እርሱ ግን በአንድ ዓይኑ ተጫውቶ በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ። መቃብር ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።

ሙርም በ1976 ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ሳን አንቶኒዮ ክለብ ሄደ። የአሜሪካው ሊግ የሚጫወተው የእንግሊዝ ተጫዋቾች በሚያርፉበት ወራት ስለ ነበረ ለብዙዎች የተመቸ ነበር። በዚያ ዓመት አሜሪካ የነጻነቷን ሁለት መቶኛ ዓመት ስታከብር ከሊጉ የተውጣጣ ቡድን በፊላደልፊያ ከእንግሊዝ ጋር ተጋጠመ፤ ሙር ለአሜሪካ ወገን ተሰለፈ። ዋንጫ ያነሣላትን አገሩን በባዕድ መለያ መግጠም! እንግሊዝ 3 ለ 1 አሸነፈች።

በሎሬንሶ ማርኬሽ፣ በዛሬይቱ ማፑቶ ተወልዶ ፖርቱጋልን ያስጠራው ዩሴቢዮ ጕልበቱ ብዙ ጊዜ ተቀዶ ተሰፍቶ በ1975 ወደ ቦስተን መጣ፤ በማግሥቱም ዓመት ለቶሮንቶ ቡድን ተሰልፎ በፍጻሜው ጨዋታ የመጀመሪያዋን ግብ አገባና ዋንጫውን አስገኘ።

ከሁሉ ይልቅ የዘባቾችን አፍ የሚዘጋው የፍራንዝ ቤከንባወርና የዮሐን ክራይፍ ታሪክ ነው። ቤከንባወር በ1976 የኤውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ በማግሥቱ ዓመት ወደ ኒውዮርኩ ኮስሞስ ሄደ፤ በ1980 ወደ ጀርመን ተመልሶ ከሐምቡርግ ጋር በ1982 የአገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ። ክራይፍ በ1978 ጨዋታ አቁሞ ነበር። ነገር ግን በንግድ ገንዘቡን ስለ ከሰረ በ1979 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደና የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከዚያም ሆላንድ ተመልሶ በአያክስና በፌይኖርድ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህ ከመቃብር የተነሡ ናቸው ማለት ነውን?

ታዲያ ሊጉ ስለ ምን ፈረሰ? ነሐሴ 14 ቀን 1977 ኮስሞስ የፎርት ላውደርዴልን ቡድን ሲገጥም 77,691 ሰው ተገኝቶ ነበር። የሌሎች ከተሞች ባለ ሀብቶች ይህን አይተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዝነኛ ሰው ሊገዙ ተሽቀዳደሙ፤ የክለቦቹም ቍጥር በ1978 ወደ 24 ደረሰ። ኒውዮርክ የሞላው ሕዝብ በየከተማው ይሞላል ብለው አስበው ነበር፤ አልሞላም። ወጪው ከገቢው በለጠ፣ ቴሌቪዥኑም ፊቱን አዞረ፣ በ1984 የተጫወቱት 9 ክለቦች ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ሊጉ አልተጫወተም። በእኛ አስተያየት በደሉ የሽማግሌዎቹ ተጫዋቾች አይደለም፤ መሠረት ሳይጥሉ ጣራ ለማሳመር የቸኰሉት የባለ ሀብቶቹ ነው። የአገሩን ልጆች አሠልጥኖ ለማሰለፍ የወጣው ገንዘብ ለዝነኞቹ ከተከፈለው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም።

በ1996 የተጀመረው አዲሱ ሊግ ከዚህ ተምሮ በደመወዝ ላይ ወሰን አበጀ። እንግሊዝ በ1961 የሻረችውን ወሰን አሜሪካ በሌላ መልክ አቆመችው፤ በ2007 ግን እያንዳንዱ ክለብ ከወሰኑ በላይ የሚከፈለው ሰው እንዲይዝ ተፈቀደ። በዚህ ቀዳዳ ዴቪድ ቤካም በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ወደ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ እነ ቲዬሪ አንሪ፣ ፒርሎና ጄራርድም ተከተሉ።

ቤካም ከአባቶቹ የተለየው በአንድ የውል አንቀጽ ነው። ጨዋታ ሲያቆም በሊጉ ውስጥ አንድ አዲስ ቡድን በ25 ሚሊዮን ዶላር የመግዛት መብት አስጽፎ ነበር። ባንክስ ግን የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ ሜዳሊያውን በ2001 ለጨረታ አቅርቦ በ124,750 ፓውንድ ሸጠው።

በ2020 የቤካም ቡድን ኢንተር ሚያሚ መጫወት ሲጀምር ሜዳው የተሠራው በፎርት ላውደርዴል፣ አሮጌው የሎክሃርት ስታዲዮም በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። ያ አሮጌ ስታዲዮም ባንክስ በአንድ ዓይኑ ግብ የጠበቀበት ነበር። የፈረሰው በ2019 ነው፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ባንክስ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ዐረፈ።