ሰዓቱ ከተጣለ በኋላ

ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ቆመዋል። ጀርባው ላይ የአሜሪካ ባንዲራ ያለበት የቆዳ ጃኬት የለበሰው ወጣት የእጅ ሰዓቱን ይፈታል፤ ለአፍታ አየት ያደርገውና መሬት ላይ ይጥለዋል። ወዲያው ሞተሩ ይነሳል፣ ጊታሩ ይገባል፣ የፊልሙ ሠሪዎች ስም በየተራ ብቅ ይላል፣ አስፋልቱም ፊት ለፊት ይዘረጋል። ፊልሙ «ኢዚ ራይደር» ነው፤ ለሕዝብ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1969፣ በእኛ ሐምሌ 7 ቀን 1961 ነበር። ዘፈኑ ደግሞ የስቴፐንዎልፍ ባንድ «ቦርን ቱ ቢ ዋይልድ» ነው፤ ርዕሱ በግርድፉ «ሳይገራ ሊኖር የተወለደ» እንደ ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ሁሉ ዛሬ ሰባውን አልፏል። ዘፈኑ ግን አላረጀም፤ በ2018 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ዘመን ለወጡ ከሚላቸው ነጠላ ዘፈኖች ጋር መዘገበው፣ በየፊልሙና በየማስታወቂያውም ሞተር በተነሳ ቁጥር እሱ ይነሳል። አሜሪካዊው አዛውንት የወጣትነቱን ነጻነት ሲናፍቅ መጀመሪያ ጆሮው ላይ የሚደውለው ይኸው ጊታር ነው።

ይህ ናፍቆት ግን ዘፈኑን ከተቀመጠበት ቦታ ነቅሎ ወስዶታል፤ ሲወስደውም የሚበልጠውን ክፍል ጥሎ ነው። ዘፈኑን ወደ ፊልሙ መልሰን፣ ከፊቱ ምን እንዳለና ከኋላው ምን እንደሚመጣ አይተን ካዳመጥነው፣ ኖሮ የጠፋ ነጻነት መዝሙር ሆኖ አይሰማም። ያ ነጻነት ከመነሻው ተገኝቶ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ መግቢያ ነው። ናፋቂዎቹ የሚናፍቁትን ነገር ፊልሙ ራሱ፣ ገና በዚያው ዓመት፣ አልነበረም ብሎ ነበር። እንዲህ ሲደመጥ ዘፈኑ የሚያንስ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ይልቁንም ይከብዳል፣ ይበልጥም ያምራል ባይ ነኝ።

ሰዓቱ ከመጣሉ በፊት ያለውን እንይ። ሰዓቱን የጣለው ዋያትና ጓደኛው ቢሊ፣ ማለትም ፒተር ፎንዳና ዴኒስ ሆፐር፣ ኮኬይን ከሜክሲኮ አስገብተው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ ባለጸጋ ይሸጣሉ። ሽያጩ የሚፈጸመው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው፤ የአውሮፕላኖቹ ጩኸት ከላይ ስለሚያልፍ ንግግር እንኳ በቅጡ አይሰማም። ከዚያ ካሜራው ወደ ሞተሩ ይጠጋል። ዋያት የተጠቀለሉ የብር ኖቶችን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሞላል፣ ቱቦውንም ባንዲራ በተቀባው የቤንዚን ሰልባቲዮ ውስጥ ያስገባዋል። እጁ አይቸኩልም፤ ዕቃ እንደሚያሰናዳ መንገደኛ ነው የሚሠራው። በዚህ ሰዓት ከጀርባ የሚሰማው ሌላ ዘፈን ነው፤ ሆይት አክስተን የደረሰው «ዘ ፑሸር»። የሚጫወተው ያው ስቴፐንዎልፍ፣ የሚያዜመውም ያው ጆን ኬይ ነው። ያ ዘፈን ደግሞ በሰው ሕይወት የሚነግደውን አደገኛ ዕፅ አከፋፋይ የሚያወግዝ ነው። እንግዲህ በአንድ አፍ፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ መጀመሪያ እርግማን ቀጥሎም የመንገድ ደስታ ይመጣል። ሰልባቲዮው ቤንዚንና የዕፅ ገንዘብ አንድ ላይ ይዟል፤ መንገዱ የሚከፈተው በሁለቱም ነው። ሁለተኛውን ዘፈን የሚናፍቅ ሚሊዮን ሰው አለ። የመጀመሪያውን ግን ከእሱ ጋር አጣምሮ የሚያነሳው ጥቂት ነው፤ ሁለቱ በፊልሙ ጎን ለጎን የቆሙት ግን በአጋጣሚ አይመስልም።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ዘፈኑ ከፊልሙ ይቀድማል፤ በ1968 በሸክላ ወጥቶ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል። ፊልሙ ተውሶት እንጂ ወልዶት አይደለም፤ ታዲያ በፊልሙ ትርጉም ለምን ይታሰራል? እውነት ነው፣ ልደቱ ሌላ ነው። ደራሲው ማርስ ቦንፋየር፣ በሌላ ስሙ ዴኒስ ኤድመንተን፣ ካናዳዊ ነው። ወንድሙ ጄሪ ኤድመንተን የባንዱ ከበሮ መቺ ነበር። ቦንፋየር እንደተናገረው፣ ሆሊውድ መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት እንደ እሳተ ገሞራ ከመሬት ፈንድቶ ሲወጣ የሚያሳይ ፖስተር አይቶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ የመጀመሪያ መኪናውን፣ አሮጌ ፎርድ ፋልከን ገዝቶ ነበር። ዘፈኑ የተጠነሰሰው ከፖስተሩና ከመኪናው ደስታ ነው። ግጥሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንመረምረው ሞተርና አውራ ጎዳና ይጠቅሳል እንጂ ሁለት ጎማ የሚል ቃል የለበትም። ዛሬ ግን ዘፈኑን ሰምቶ አሮጌ ፎርድ የሚታየው ማን ነው? ሁሉም የሚያየው ፎርኬታው ረዝሞ ወደ ፊት የተለጠጠ፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ ሞተር ነው። ይህን ሥዕል የሰጠው ፊልሙ ነው። ናፋቂው ሥዕሉን ከፊልሙ ወስዶ፣ ከሥዕሉ ጋር ያለውን ታሪክ አልቀበልም ካለ፣ ተቃውሞው ራሱ እግር ያጣል። ዘፈኑን ያለ ፊልሙ የሚወድ ሰው ቢኖር መብቱ ነው፤ የሚናፍቀው ግን የአንድ ወጣት የመጀመሪያ መኪና ይሆናል፤ እሱም ደግ ነገር ነው።

ድምፁንም ማን እንደሰጠው እናስተውል። ጆን ኬይ የተወለደው በ1944 ቲልሲት ትባል በነበረች የምሥራቅ ፕሩሲያ ከተማ ነው፤ በልጅነት ስሙ ዮአኪም ክራውሌዳት ይባል ነበር። ወታደር የነበረው አባቱ ልጁ ሳይወለድ በጦርነቱ ሞቷል። በ1945 መጀመሪያ የሶቪየት ጦር ሲገሰግስ እናቱ ሕፃኑን ይዛ ሸሸች፤ በኋላም ከምሥራቅ ጀርመን ድንበር ጥሳ ወደ ምዕራብ ተሻገረች። ዓይኑ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደካማ በመሆኑ መድረክ ላይም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። ሃኖቨር ውስጥ ሮክ ኤንድ ሮልን የሰማው ከአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ነበር፤ ቋንቋውን ሳያውቅ ዜማው ያዘው፣ በ1958ም ወደ ካናዳ ተሻገረ። (ይህ የጦር ሬዲዮ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ የአሜሪካን ሙዚቃ ለወታደሮቹ ሲያሰማ የከተማው ሙዚቀኛም ጆሮውን ይጥል ነበር።) የ«ኢዚ ራይደር»ን ካሜራ የያዘው ላስሎ ኮቫችም ስደተኛ ነበር። በ1956 የሃንጋሪን አመፅ ከጓደኛው ከቪልሞስ ዚግመንድ ጋር በድብቅ ቀርጾ፣ ፊልሙን ተሸክሞ ድንበር ተሻግሯል። አሜሪካ የደረሰው ወደ ሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳይገባ ነው። እነዚህ ሰዎች መንገድ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ለጆን ኬይ እናት መንገድ ማለት ጨለማ፣ ጠባቂ ወታደርና ጀርባ ላይ ያለ ልጅ ነበር። የነጻነቱን ጉዞ በድምፅና በብርሃን ያስዋቡት ሁለት ስደተኞች መሆናቸው፣ ዘፈኑ ውስጥ ያለው ጥድፊያ ከየት እንደመጣ በጥቂቱ ያስረዳል። ጫንቃቸው ላይ የተጫነ ነገር የሌለባቸው ልጆች የጨዋታ ጥድፊያ ብቻ ሆኖ አይሰማኝም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የሞተሮቹ ታሪክ ነው። ናፍቆቱ ሁሉ የተንጠለጠለበትን፣ «ካፒቴን አሜሪካ» የሚባለውን ባለባንዲራ ሞተር የነደፉትና የሠሩት ክሊፎርድ ቮግስና ቤን ሃርዲ፣ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሃርዲ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። ቮግስ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁሮች መብት ይታገል በነበረው በተማሪዎቹ የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ሞተሮቹ ፖሊስ በጨረታ የሸጣቸው አሮጌ ሃርሊዎች ነበሩ፤ እነዚህ ሰዎች ናቸው ከእነርሱ ውስጥ ያንን ዝነኛ ቅርጽ ያወጡት። በፊልሙ ላይ ግን ስማቸው የለም። ዋያትና ቢሊ ወደ ደቡብ ሲጋልቡ ጥቁሮቹ የሚታዩት ከመንገድ ዳር፣ ከጎጆዎቻቸው ደጅ ነው፤ ካሜራው ሽው ብሎ ያልፋቸዋል። የስሞቹን መጉደል የስንፍና ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ለሃምሳ ዓመት የአሜሪካ ነጻነት ምልክት ሆኖ በፖስተር የተሰቀለው ዕቃ፣ በዚያው መንገድ በነጻነት መንዳት ለሕይወታቸው ያሰጋቸው በነበሩ ሰዎች እጅ ነው የተሠራው። ናፍቆት የሠሪውን ስም አልጠየቀም፤ ቮግስም ሆነ ሃርዲ ስማቸው በሰፊው መነሳት የጀመረው ብዙ ዘግይቶ ነው።

አሁን ጠንካራውን ተቃውሞ ልምጣበት። የጉዞው ትዕይንቶች ያምራሉ። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ሲሰበር፣ ቀዩ ተራራ ሲያልፍ፣ ነፋሱ ጃኬቱን ሲያውለበልብ የሚያይ ሰው ስለ ፕላስቲክ ቱቦው አያስብም፤ ሊያስብም አይገባውም ይባላል። ኪነ ጥበብ የሚፈረደው በሚሰጠው ስሜት ነው፤ ደስታው እውነተኛ ከሆነ ፊልሙ ራሱ ከመልእክቱ በላይ ደስታውን መርጧል ማለት ነው። ይህን ክርክር አክብሬ እቀበላለሁ፤ ደስታው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ፊልሙ ራሱ ደስታውን እያሳየ ይመረምረዋል። በሌሊት እሳት ዙሪያ ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተው ጠበቃው ጆርጅ የሚለውን እንስማ፤ ስለ ነጻነት ማውራትና ነጻ ሆኖ መኖር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፣ ሰውም በነጻነቱ የሚኖርን ሰው ሲያይ ይፈራል፣ የፈራም አደገኛ ይሆናል ይላል። በዚያው ሌሊት ተኝተው ሳለ የአካባቢው ሰዎች በዱላ ይወርዱባቸዋል፤ ጆርጅ እዚያው ይሞታል። ኒው ኦርሊንስ ደርሰው፣ የከተማዋን በዓል አይተው ሲወጡ፣ ቢሊ ሀብታሞች ሆነናል፣ ተሳክቶልናል ብሎ ይፈነድቃል። ዋያት ግን አበላሽተነዋል ይለዋል። ምን እንዳበላሹ አያብራራም። ያንን ቃል ከሰዓቱ አጠገብ አስቀምጡት፤ ጊዜን አውልቄ ጥያለሁ ያለው ሰው፣ ዕዳውን በሰልባቲዮው ተሸክሞ እንደነበር መጨረሻ ላይ ተረዳ።

ሌላም ለዘብ ያለ ሙግት አለ። አዛውንቱ የሚናፍቀው ፊልሙንም ፖለቲካውንም ሳይሆን ሃያ ዓመቱን ነው፤ ጉልበቱን፣ ፀጉሩን፣ ያጣቸውን ጓደኞቹን። ለዚህ የታሪክ ፈተና ማቅረብ ጭካኔ አይሆንም? እንዲህ ያለውን ሰው ለመውቀስ አልጻፍኩም። እንዲያውም የእሱ ትዝታ ከነሕመሙ እንዲመለስለት ነው የምከራከረው። በ1969 ጸደይ ቬትናም ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ጦር ከ540,000 በላይ ነበር። በዚያ ዓመት አሥራ ዘጠኝ የሞላው ልጅ ዘፈኑን የሰማው የምልመላ ወረቀት ነገ ይመጣል እያለ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ ከተገደሉ ገና ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። መንገዱ ያጓጓው ክፍት ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ሊዘጋበት እንደሚችል ስለሚያውቅም ጭምር ነው። እኛ ትዝታ ስንል የሄደው እንደሄደ የምናውቅበትን ነገር ነው፤ ዜማውም የሚያስለቅሰው ጉድለቱን ስለማይደብቅ ነው። የገበያው ናፍቆት ግን ፍርሃቱን ሰርዞ ደስታውን ብቻ አስቀረ። በ2017 በሱፐር ቦውል ሰዓት በታየ የመርሴዲስ ማስታወቂያ ላይ ራሱ ፒተር ፎንዳ፣ በዚሁ ዘፈን ታጅቦ፣ ከሞተረኞች መጠጥ ቤት ደጃፍ በውድ የስፖርት መኪና ተፈትልኮ ይሄዳል። ማስታወቂያው በሙያ የተሠራ ነው፤ እንዲያ ከተሠራ በኋላ ግን ዘፈኑ ውስጥ የሚፈራ ልጅ አይሰማም። ያ ልጅ ነው ለእኔ የዘፈኑ ባለቤት።

ስለዚህ ዘፈኑን የሚወድ ሁሉ ፊልሙን እስከ ጫፉ ይመልከት። የመጨረሻው መንገድ ሉዊዚያና ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ለምለም ነው። ከኋላ የመጣች ፒክአፕ ትጠጋለች፤ ውስጧ ያሉት ሁለት ሰዎች በቢሊ ፀጉር ይሳለቃሉ፤ ከዚያ ጠመንጃው ይጮሃል። ዋያት ባለባንዲራ ጃኬቱን በወደቀው ጓደኛው ላይ አልብሶ እርዳታ ፍለጋ ወደ ፊት ይጋልባል፤ መኪናዋ ዞራ ትመጣለች። በዚህ ጊዜ የስቴፐንዎልፍ ጊታር የለም። ካሜራው ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከታች አስፋልቱ፣ ሣሩና ወንዙ ይታያሉ፤ ከመንገዱ ዳር ደግሞ ቤን ሃርዲ የሠራው ሞተር፣ ገንዘቡን እንደያዘ፣ ከነሰልባቲዮው ይነድዳል።