«ናይስ» ስድብ በነበረበት ዘመን

ጓደኛዎን «ናይስ ሰው ነህ» ቢሉት ደስ ይለዋል አይደል? በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ ግን ይቀየምዎት ነበር፤ ያኔ «ቂል» ማለት ነበራ! ቃሉ ከላቲኑ «ኔስኪዩስ»፣ ማለትም «የማያውቅ»፣ መንጭቶ በፈረንሳይኛ በኩል ነው የገባው። ቀስ በቀስ ወደ «ነገር አጥባቂ»፣ ከዚያም ወደ «ጥንቁቅ» እና «ረቂቅ» ዞረ። «ደስ የሚል» መሆኑ የ18ኛው መቶ ዘመን ነገር ነው። ከዚያማ ለአየሩም፣ ለመጽሐፉም፣ ለሰዉም «ናይስ» ሆነ፤ ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ በታተመው «ኖርዛንገር አቢ» ልቦለዷ የቀለደችበትም ይህንኑ ነው። ለምግቡ «ጣፋጭ»፣ ለሰዉ «ደግ» የሚሉ ቃላት ሞልተው የለ? የቆየ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲተረጉሙ ታዲያ ይጠንቀቁ፤ ሙገሳ የመሰልዎት ስድብ ሊሆን ይችላል። «ናይስ ዲስቲንክሽን» ደግሞ ዛሬም «ረቂቅ ልዩነት» ነው።