ዘይቱን ማን ይለካ? ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሊማሊሞ እስከ ጨነቅ

ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ ሞተረኛ ጋዙን ይለቅና ከባድ ማርሽ ያስገባል። ፍሬኑ እንዳይግል ሞተሩ ራሱ ይዞት እንዲወርድ ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በዚህ አይጎዳም። ዘይቱ ከሥሩ ተጠራቅሞ ስላለ ጋዝ ተከፈተም ተዘጋም ይታጠባል። ባለ ሁለት ምቱ፣ መካኒኮቻችን ቱ ስትሮክ የሚሉት፣ ከዳገቱ ይልቅ የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ጎማው እየጎተተው ፒስቶኑ ግን መመላለሱን አያቆምም። ደርቆ የሚሠራ ፒስቶን ይግላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ችግሩ ከአፈጣጠሩ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሞተር የሚሠራው እንዲህ ነው። አየርና ቤንዚኑ መጀመሪያ ከፒስቶኑ በታች ወዳለው ክፍል ይገባል፤ ፒስቶኑ ሲወርድ እየገፋ ወደ ላይ ይልከዋል። ርካሽ፣ ቀላልና ጠንካራ ሞተር ተገኘ። ነገር ግን ዘይት ይቀመጥበት የነበረው ቦታ የነዳጅ መተላለፊያ ሆነ። ስለዚህ ዘይቱ እንደገባ ተቃጥሎ መውጣት ግድ ሆነበት። ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ ሞተር ታሪክ፣ በእኔ እይታ፣ ዘይቱን ማን ይለካ የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነጂው ራሱ በእጅ ፓምፕና በጠብታ መቆጣጠሪያ ይሰጥ ነበር፤ ዳገት ሲያይ ይጨምራል፣ ሜዳ ሲያገኝ ይቀንሳል። ያኔ ለሞተር ከሚመረጡት ዘይቶች አንዱ የጉሎ ዘይት ነበር። ጉሎ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነው ተብሎ የሚታመን፣ በአገራችን በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ እናቶቻችን ፍሬውን ለምጣድ ማሰሻ የሚያውቁት ተክል ነው። የእንግሊዙ ቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያቀረበው ካስትሮል ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዘይት ነው። ጉሎ በከፍተኛ ሙቀት ብረትን ከብረት ይለያል፤ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም። ድክመቱ ግን ሲቃጠል የፒስቶኑን ፋሻ (ሪንግ) የሚያጣብቅ ሙጫ መተዉና ከቤንዚን ጋር በደንብ አለመዋሃዱ፣ በብርድም መለየቱ ነው። ቀስ በቀስ ለማዕድን ዘይት ቦታውን ለቀቀ፤ ዘይትን ከቤንዚን ጋር አስቀድሞ መቀላቀልም የተለመደ ሆነ።

ወደ እኛ ተራሮች ይህ ዓይነት ሞተር የመጣበት መንገድ ብዙዎች የሚገምቱት አይደለም። ከጣሊያን ወረራ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የጭነት መኪኖች አንዱ ላንቻ ሮ ነበር፤ ከጀርመኑ ዩንከርስ በተገኘ ፈቃድ የተሠራ፣ ሁለት ሲሊንደርና ፊት ለፊት የሚገጣጠሙ አራት ፒስቶኖች ያሉት ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር ነበረው። የእኛ ሰው በስም የሚያስታውሰው ትሬንታ ኳትሮን፣ ባለ አራት ምቱን ፊያት 634 ነው። ላንቻ ሮ ግን አየሩን የሚገፋለት የተለየ ፓምፕ ስለነበረው የሥሩ ክፍል ለዘይት ነጻ ሆኖለታል። ዘይት የመቀላቀል ጣጣ የሁለት ምት ሁሉ ዕጣ እንዳልሆነ፣ ከዴይ ርካሽ ንድፍ የመጣ ዕዳ እንደሆነ ይህ መኪና በቂ ማስረጃ ነው።

ርካሹ ንድፍ ግን ዓለምን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1946 የጣሊያኑ ፒያጆ ባለ 98 ሲሲ ቬስፓን አወጣ። የሕንዱ ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ማምረት ጀመረ፣ በኋላም በራሱ ቆመ። ወደ አገራችን ቀድመው ከገቡት ባለ ሦስት እግሮች ብዙዎቹ የዚሁ የዘር ሐረግ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበራቸው። የመለኪያው ሥራ ታዲያ በሾፌሩና በቤንዚን ቸርቻሪው እጅ ወደቀ። በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ሁለት በመቶ ነው፤ 50 ሚሊ ሊትር አምስት በመቶ። በመንገድ ዳር በሃይላንድ ፕላስቲክ ቤንዚን ለሚገዛና ዘይቱን በክዳን ለሚገምት ሰው ይህ ልዩነት አይታየውም። «ትርፍ ዘይት ሞተር አይጎዳም» የሚለው እምነትም አለ። ይጎዳል፦ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውን ይደፍናል፣ ጭሱን ደግሞ የሚተነፍሰው ከኋላ ያለው ሰው ነው። ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አልነበረም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 1998 እ.ኤ.አ. ለደልሂ በሰጠው ትእዛዝ የእነዚህ ሞተሮች ዘይት በልቅ እንዳይሸጥ ከልክሎ፣ ማደያዎች በማሽን ቀላቅለው እንዲሸጡ አስገድዷል።

የቁልቁለቱን ችግር የመኪና ሠሪዎች በሌላ ዘዴ ሞክረውታል። የስዊድኑ ሳዓብና የምሥራቅ ጀርመኑ ዋርትቡርግ ጋዝ ሲለቀቅ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅ መሣሪያ ገጠሙ። ለሜዳ አገር ጥሩ ነው። ሊማሊሞ ላይ ግን ሞተሩ የማይዘው መኪና ማለት በፍሬን ብቻ ገደል መውረድ ነው።

እውነተኛው መልስ የመጣው ከጃፓን ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦቶሉብ የተባለውን የዘይት ፓምፕ በዋይኤ6 ሞተር ሳይክል ላይ አወጣ። ዘይቱ በራሱ ታንከር ይቀመጣል፤ ከሞተሩ ዘንግ የሚነዳ ትንሽ ፓምፕ በፍጥነቱ መጠን ይገፋዋል፤ ከጋዙ ጋር የተያያዘ ገመድ ደግሞ የፓምፑን ምት ያረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። ጋዙ ተዘግቶ ሞተሩ ሲሽከረከር እንኳ ጥቂት ዘይት ይደርሰዋል። ለእርሻና ለገጠር ሥራ የተሠራው ያማሃ ኤጂ100 ይህንኑ ይዞ ነው ብዙ የአፍሪካ ገጠር የገባው።

በሰሜን ተራሮች ፓርክ ወዳለው ጨነቅ ስንወጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቧሂት ያለው መንገድ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በጨነቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ይተፋል። መካኒኩ ጠበብ ያለ ጂግለር ይቀይራል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ጂግለሩ ቤንዚን ሲቀንስ ዘይትም ቀነሰ ማለት ነው። ያው ሞተር በዚያው ጂግለር ወደ ዛሪማ ሙቀት ሲወርድ ቤንዚኑም ዘይቱም ያጥረዋል። ፓምፕ ያለው ሞተር ቤንዚኑ ቢያንሰውም ዘይቱ አይቀንስበትም።

ስለዚህ ፓምፑን ነቅሎ ቀዳዳውን መድፈንና ወደ ድብልቅ መመለስ፣ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም፣ ለተራራ አገር የተሳሳተ ውሳኔ ነው። ፓምፑ ተበላሸ ሲባል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ነው፦ ከዘይት ታንከሩ ሥር ያለው ማጣሪያ ደፍኗል፣ ገመዱ ላልቶ የፓምፑ ምልክት ከቦታው ወጥቷል፣ ዘይት አልቆ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዘይት ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ የሚያግደው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ቆሽሿል። ይህ ሁሉ በመፍቻና በንጹህ ቤንዚን የሚስተካከል ነው።

 ዋልያና ጭላዳ በሚውልበት ገደል አፋፍ በየዕለቱ ለሥራ የሚያልፍ ሞተረኛ ሁሉ እንግዲህ ይህን ያድርግ፦ ፓምፕ ያለው ከመነሳቱ በፊት የዘይት ታንከሩን መስተዋት ይይ፣ ገመዱን ያስፈትሽ። ድብልቅ የሚጠቀም በክዳን መገመቱን ትቶ በሚሊ ሊትር የተከፈለ መለኪያ ይያዝ። ሊማሊሞን ሲወርድም ፍጥነቱን በፍሬን ቀንሶ፣ በየመሐሉ ጋዙን ትንሽ ትንሽ ይክፈት፤ በድብልቅ የሚሠራ ፒስቶን በቂ ዘይት የሚያገኘው ያኔ ነው።