«ብሔራዊ» የተባለው የኮርማ ፍልሚያ፦ የተዘነጋው የሆቬያኖስ ምስክርነት

በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ በሬና ኮርማ አንድ አይደሉም። በሬ የተቀጠቀጠ፣ ቀንበር የለመደ፣ ገበሬው በስሙ እየጠራ የሚያርስበት ነው። ኮርማ ሳይቀጠቀጥ ለዘር ይቀራል። በአማርኛ «የበሬ ፍልሚያ» እየተባለ በሚዘገበው የስፔን ትርኢት የሚገደለው ኮርማ ስለሆነ፣ ይህ መጣጥፍ «የኮርማ ፍልሚያ» ይለዋል። የቃሉ ስሕተት በቀላሉ ይታረማል። አብሮት የገባው እምነት፣ ማለትም ፍልሚያው የመላው ስፔን ሕዝብ የቆየ ባህል ነው የሚለው፣ ግን ሥር ሰዷል። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሥር እንዲሰድ ያደረጉት ምሁራን ናቸው። ፈላስፋው ሆሴ ኦርቴጋ ይ ጋሴት ከ1650 ወዲህ ያለውን የአገሩን ታሪክ ያለ ኮርማ ፍልሚያ መረዳት አይቻልም ሲል ተከራከረ። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይም በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የፍልሚያውን ዝና በዓለም አዳረሰ። የታሪክ ምሁሩ ኤድሪያን ሹበርት በ1999 ትርኢቱ ዘመናዊ ንግድ መሆኑን አሳይቷል፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለም። ክርክሩ ከኦርቴጋ ጋር ነው፤ የእሱ ዝና አንድ የቀደመ ምስክር ጋርዷልና።

ያ ምስክር ጋስፓር ሜልቾር ዴ ሆቬያኖስ ነው። በ1744 በሰሜን ስፔን በሂሆን ከተማ የተወለደው ይህ ሊቅ ኋላ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኗል። በ1790 ስለ ሕዝባዊ ትርኢቶች ባዘጋጀው ጥናት ጉዳዩን በቁጥርና በቦታ መረመረው። ብዙ አውራጃዎች ፍልሚያውን ጭራሽ አያውቁትም፤ በሌሎቹ ደግሞ በዋና ከተሞች ብቻ፣ ያውም አልፎ አልፎ፣ ይታያል። በእሱ ግምት ከስፔን ሕዝብ ትርኢቱን አንድ ጊዜ እንኳ ያየው ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ታዲያ ዘጠና ዘጠኙ ያላየው ነገር በምን ሒሳብ ብሔራዊ ይባላል? ኦርቴጋን የሚጠቅሱ ሁሉ በቅድሚያ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረባቸው።

የነገሥታቱ መዝገብም ከሆቬያኖስ ጋር ይቆማል። ካርሎስ 3ኛ በ1785 ኮርማ የሚገደልበትን ፍልሚያ፣ ለበጎ አድራጎት ከሚደረገው በቀር፣ ከለከለ። ካርሎስ 4ኛ በ1805 ጨርሶ አገደው። በ1808 በማድሪድ እንደገና እንዲታይ የፈቀደው ማን ነው? ናፖሊዮን በስፔን ዙፋን ላይ ያስቀመጠው ፈረንሳይ-ሠራሽ ንጉሥ፣ ወንድሙ ጆሴፍ ቦናፓርት!

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ዝም አላለችም። የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፒየስ 5ኛ በ1567 ፍልሚያውን በውግዘት ከለከሉ፤ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1575 ክልከላውን ለምእመናን አለዘቡ። በ1609 ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሁዋን ዴ ማሪያና ስለ ትርኢቶች በጻፈው ድርሳን ፍልሚያውን ነቀፈ። በዚያው ዓመት የማኅበሩ ባልደረባና ያገሩ ልጅ ፔድሮ ፓኤዝ እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር፤ የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽም የዚያው ማኅበር አሻራ አለበት። ወደ እኛ የመጡት ስፔናውያን በዚህ ጉዳይ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሰዎች አገር ልጆች ነበሩ።

የጎጃም አንባቢ የፍልሚያውን ለውጥ በጉግስ በኩል ቢያየው ይቀልለዋል። ጥንት ኮርማውን በጦር የሚገጥመው ፈረሰኛ መኳንንት ነበር። ፌሊፔ 5ኛ በ1700 ከነገሠ በኋላ መኳንንቱ ሸሹ፤ ተራ ሰዎች በእግር፣ በክፍያ ተተኩ። ጉግስ ተጫዋቾቹ ከፈረስ ወርደው ቅጥረኛ በትኬት የሚታይበት ሜዳ ቢያስገቡ፣ ያው ጉግስ ነው የሚል አይገኝም።

ተቃውሞዎቹ ብዙ አያስኬዱም። የሆቬያኖስ ቁጥር ግምት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በዐሥር እጥፍ ቢሳሳት እንኳ ከመቶ ዐሥር ነው የሚሆነው። ሰሜነኛ ስለሆነ አድልቷል የሚሉም አሉ፤ ይህ ቁጥር የሚናገረው ግን ስለ ስርጭት እንጂ ስለ እሱ ምርጫ አይደለም። ማንኛውም ባህል መነሻ ዘመን አለው የሚለውም ነጥቡን ይስታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. መመሥረቱን በግልጽ ይናገራል፤ ክብሩ አልቀነሰም፤ የመላው ኢትዮጵያ ባህል ነኝም አላለም። በእርግጥ ይህ መጣጥፍ ፍልሚያው በአንዳሉሲያና በማድሪድ ሥር የለውም አይልም።

ጉዳዩ የወረቀት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የካናሪ ደሴቶች በ1991 ፍልሚያውን አስቀሩ። የካታሎኒያ ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2010 በ68 ለ55 ድምፅ ከለከለው፤ በመንደር ኮርማ የማሯሯጥ ልማዱን ግን ከክልከላው ውጭ አደረገ። ማድሪድ በ2013 በወጣው ሕግ ቁጥር 18 ፍልሚያውን የባህል ቅርስ አለው፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በዚያ ላይ ተመርኩዞ በጥቅምት 2016 የካታሎኒያን ክልከላ ሻረ። የታሪክ ጥያቄ በምክር ቤት ድምፅ ተዘጋ፤ የሆቬያኖስ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። በ2024 ደግሞ የባህል ሚኒስትሩ ኤርኔስት ኡርታሱን መንግሥት ለፍልሚያው ይሰጥ የነበረውን ብሔራዊ ሽልማት አስቀሩ።

በባርሴሎና የሞኑሜንታል ሜዳ የመጨረሻው ፍልሚያ የታየው መስከረም 25 ቀን 2011 ነው። ፍርድ ቤቱ በሩን ከከፈተ በኋላም በዚያ ሜዳ አንድም ኮርማ አልተገደለም።